ለአይሮፕላን ጫማቸውን ያወለቁት ሰው

ወንድሜ ይልማ ከሸዋ ሮቢት መጥቶ አዲስ አበባ የምሠራበት ጋራዥ በር ላይ ቆመ። እኔ መኪና ሥር ተኝቻለሁ፤ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው።

«ጋሼ እንድሪስ ሞቱ» አለ። እንዴት ነህ የለ፣ ሰላም የለ።

«በምን?»

«በወባ። ሦስት ቀን አተኮሳቸው፣ በአራተኛው ቀበርናቸው።»

የያዝኩትን መፍቻ ወረወርኩት። ማንን ልመታ እንደሆነ አላውቅም፤ ግድግዳውን መታሁ። ሌላው ሰው ሲያዝን ያለቅሳል፤ እኔ እናደዳለሁ። ሲርበኝም እናደዳለሁ። ዳዊት ሳልጨርስ ከቄስ ትምህርት ቤት የወጣሁትም መምሬን ተናግሬ ነው። ስለዚህ ይኼ ጽሑፍ ቢንጋደድ የሚስቅ ይሳቅ። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ አገሩ ሁሉ አርበኛ ነበርኩ ባይ ሆኗል፤ ባንዳ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ይሁን። የምጽፈው ስለ እኔ አይደለም፤ ስለ ጋሼ እንድሪስ ነው።

ጋሼ እንድሪስ የሮቢ ሜዳ ገበሬ ናቸው፤ አያቶቻቸው አርጎባ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው የሚሄዱ፣ የግራ ጆሯቸው ጫፍ የተቆረጠ። ማን እንደቆረጠው ሲጠየቁ በየጊዜው ሌላ ታሪክ ይናገራሉ። ማሽላና ጤፍ ያርሳሉ፣ እንደ ማንም። ምርት ሲደርስ ግን ያገሩ ሰው እሳቸውን ሳይጠይቅ መንሽ አያነሳም ነበር።

ለማያውቅ ልንገር። አውድማ ላይ እህሉ ተወቅቶ ሲያበቃ በመንሽ ወደ ላይ ይበተናል፤ ፍሬው ይወድቃል፣ እብቁን ነፋስ ይወስደዋል። የእኛ ቆላ ነፋስ ደግሞ ጠባይ አለው። ጠዋት የለም። ቀትር ላይ ከበረሃው፣ ከምሥራቅ ይነሳና ወደ ደጋው ይወጣል። ወደ ማታ ከተራራው አናት፣ ከጣርማ በር፣ ቁልቁል ይወርዳል። በመሃል የሚዞርባት ሰዓት አለች። ያቺን ሰዓት የሳተ ሰው የለየውን እብቅ መልሶ ምርቱ ላይ ያለብሰዋል፤ የቀኑ ድካም ገደል ገባ ማለት ነው። ጋሼ እንድሪስ ያቺን ሰዓት አይስቷትም። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ያቺን ቆራጣ ጆሮ ወደ ተራራው ያዞራሉ፣ በቀስታ ያፏጫሉ። ከዚያ «መጣች» ይላሉ። ነፋስን እንደ ሴት ነው የሚጠሯት።

ሚስታቸው እትዬ ዘይነባ በዚህ አይለቋቸውም። «የሰው ባል ሁለተኛ ሚስት ያመጣል፣ የእኔው ነፋስ አገባ» ይላሉ፣ ሰው በተሰበሰበበት። «ደግነቱ ጣውንቴ እህል አትበላም!»

ሌላው ነገራቸው ጥያቄ ነው። ሰላምታ ሳይጨርሱ ይጠይቃሉ። ጭስ ወደ ላይ፣ አቧራ ወደ ታች የሚሄደው ለምንድን ነው? አሞራ ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ከሮቢ ተነስቶ ጣርማ በር አናት የሚደርሰው ማን ተሸክሞት ነው? አንድ ቀን ሰልችቶኝ «አላህ ያውቃል፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«እሱማ ያውቃል» አሉኝ። «የማላውቀው እኔ ነኝ።»

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት የሮቢን ሜዳ ለአይሮፕላን ማረፊያ ጠረገው። ከጋሼ እንድሪስ ማሳ እኩሌታው በዚያው ሄደ። አውድማቸው ከማረፊያው ዳር ቀረ፤ ከቆመው አይሮፕላን ክንፍ ጫፍ ድንጋይ ብትወረውር ይደርሳል። ጭቃ ሹሙ የእኔን ስም ጻፈና የነዳጅ በርሜል አንከባላይ ሆንኩ። አይሮፕላኑ ትንሽ ነው፣ ሁለት ሰው ይይዛል፣ ሥራው አርበኛ መፈለግ ነው። እሱ አይቶ ሲናገር ትልልቆቹ መጥተው ቦምብ ይጥላሉ። ይልማ ደግሞ ያን ጊዜ ከደብረ ሲና በታች ካለው ገደል ውስጥ ከአርበኞች ጋር ነው። ይኼን አስቡት እንግዲህ። ወንድሜን ለሚፈልገው ነገር ነዳጅ የምቀዳው እኔ ነኝ። በየቀኑ ጥርሴን ነክሼ ነው የምውለው።

ጋሼ እንድሪስ ግን ማሳቸውን የወሰደባቸውን ነገር ቁጭ ብለው ያዩታል። ሲነሳ ይቆማሉ፣ ሲያርፍ ይቀመጣሉ። ያገሩ ሰው «ሽማግሌው ለየለት» አለ።

አንድ ቀን የአይሮፕላኑ መካኒክ፣ ቀይ ፊት ያለው ወፍራም ጣሊያን፣ ምን እንደሚሠሩ ሊያይ ከነቡትስ ጫማው አውድማው ላይ ወጣ። አውድማ በጫማ አይረገጥም። ከልጅነታችን የምናውቀው ነው፤ ባላባትም ቢሆን ያወልቃል። ጋሼ እንድሪስ መንሹን አጋድመው ፊቱ ቆሙና ወደ እግሩ አሳዩት። እኔ አሁን ይተኩሳል ብዬ ጠበቅኩ። ሰውየው እግሩን አየ፣ የእሳቸውን ባዶ እግር አየ፣ ሳቀና ቁጭ ብሎ ክሩን ፈታ። እግሩ እንደ ሊጥ ነጭ ነበር። እትዬ ዘይነባ ሊሞቱ ደረሱ በሳቅ።

በነጋታው ደግሞ ጋሼ እንድሪስ ወደ እኔ መጡ። «ሽፈራው፣ ትናንት ያወለቀልኝን ብድሩን ልመልስ፤ ወደዚያ ነገር አስጠጋኝ።»

አስጠጋኋቸው። አይሮፕላኑ ሃያ እርምጃ ሲቀረው የጎማ ጫማቸውን አወለቁ። አውልቀው፣ ጎን ለጎን አድርገው አስቀምጠው፣ በዚያ በሚያቃጥል መሬት ላይ ባዶ እግራቸውን ሄዱ። ወታደሮቹ ተሳሳቁ። እኔ ደሜ ፈላ።

«ጋሼ፣ ለቦምብ ነው ጫማ የሚያወልቁት?»

«ለቦምቡ አይደለም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ነፋስ የሚሠራበት ቦታ ነው።» ከዚያ ክንፉን በመዳፋቸው ከፊት ወደ ኋላ ዳበሱት። «ከፊት ወፈር፣ ከኋላ ሳሳ ብሏል። እንደ አሞራው። ለምን ይመስልሃል?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ጠይቀዋ!»

እንግዲህ ጣጣው ከዚህ ጀመረ። በየቀኑ ጥያቄ ያሸክሙኛል፤ እኔ በተሰባበረ ጣሊያንኛ መካኒኩን እጠይቀዋለሁ። ክንፉ ከላይ ለምን ጎበጥ አለ? ጅራቱ ላይ ያለችው ሳንቃ ስትታጠፍ አፍንጫው ለምን ይነሳል? አሞራ ያለ ጩኸት ይወጣል፤ ይኼኛው ሞተሩ ቢጠፋ ወዲያው ይወድቃል ወይስ ትንሽ ይሄዳል? መካኒኩ በመጀመሪያ ሳቀ፣ በኋላ መሬት ላይ በእንጨት እየሣለ ማስረዳት ጀመረ። እኔ መልሱን ይዤ ወደ አውድማው እሮጣለሁ፤ ጋሼ እንድሪስ ሰምተው ሌላ ሦስት ጥያቄ ይወልዳሉ። ላልዋሽ፣ ቀስ በቀስ እኔም ተበከልኩ። መልሱን ስሰማ ጥርሴን መንከስ እረሳ ነበር። ረስቼ መገኘቴ ደግሞ ይብስ ያናድደኛል።

አንድ ቀን መካኒኩ ትከሻዬን ያዘኝ። አዲስ አበባ የአይሮፕላን ሞተር ትምህርት ቤት ተከፍቷል፣ ከየማረፊያው ጥቂት ያገሬው ልጆች ይወሰዳሉ፣ ሁለት ዓመት ነው አለኝ። «አንተ ትጠይቃለህ። እኔ የሚጠይቅ ሰው ነው የምፈልገው። ቅዳሜ ካሚዮን ይሄዳል። አስብና ንገረኝ።»

ስቄ ልሞት ነበር። የጠየቅኩት አንዱም የእኔ አልነበረም!

አውድማው ላይ ሄጄ ነገርኳቸው። ጋሼ እንድሪስ መንሹን ተደገፉ።

«ፊደሉን ሁሉ ያስተምራሉ? ማለቴ፣ ከሥሩ?»

«ከሥሩ ነው ያለኝ።»

«ያ ረቢ!» አሉ። እንደዚያ ሲሉ ድምፃቸው የሽማግሌ አልነበረም።

«ዕድሉ የአንቱ ነው» አልኳቸው። «አንቱ ይሂዱ።»

«ስልሳ ዓመቴን ጭነው ይወስዱኛል?» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ።

«እንግዲያው ይንገሩኝ። ልሂድ ወይስ ልቅር? ከሄድኩ ባንዳ ነኝ። የምጠግነው አይሮፕላን ነገ ይልማን ይገድላል። ከቀረሁ በርሜል ሳንከባልል እሞታለሁ። ወይ ዱር ልግባ?»

«እኔ ምን ልበልህ?»

«ሁሉን ሲጠይቁ ኖረው አሁን መልስ ሲጠየቁ ምን ልበልህ?» ጮህኩባቸው። አይቆጡም እኮ! ቢቆጡ ይሻል ነበር።

ከተማው ግን መልስ አላጣም። ገበያ ስወጣ አንዱ «ጌታው ፓይለት፣ ስታልፍ እኛ ላይ እንዳትሸና» ይለኛል። እናቴ ነገሩን ከሰማች ጀምሮ እራቴን ታቀርብልኛለች፣ አታናግረኝም።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ንዴቴ ወጣልኝ፣ ማለቴ መላ አገኘልኝ። ማረፊያው ጫፍ ላይ በረጅም እንጨት የተሰቀለ ነጭና ቀይ የጨርቅ እጅጌ ነበር፤ ነፋስ ሲገባበት እየተነፋ፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ለአብራሪው ያሳያል። እንጨቱ ላይ ወጥቼ ቆረጥኩትና ሮቢ ወንዝ ዳር ቀበርኩት። ጋሼ እንድሪስ ስለምትዞረዋ ሰዓት ያስተማሩኝን ለዚህ ላውለው ነው። አብራሪው ነፋሷ መዞሯን ሳያውቅ ይመጣል፣ ከኋላው ትገፋዋለች፣ ሜዳው አይበቃውም፣ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ትምህርት ቤትም፣ ካሚዮንም፣ ምርጫም የለም። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

ጠዋት ጨርቁ ሲታጣ «ሌባ!» ብለው ተሳደቡ፤ ሸሚዝ ሊያሰፋበት የወሰደው ሰው አለ ብለው አመኑ። አብራሪው ግድ የለም አለ። ቀትር ካለፈ በኋላ ሊነሳ ሲል መካኒኩ፣ እሺ እሄዳለሁ ያልኩት ይመስል፣ ጠራኝ። «ሽፈራው፣ ውጣ! ነገ ከመሄድህ በፊት ዛሬ እየው።»

ምን ልበል? ጨርቁን የቆረጥኩት እኔ ነኝና አልወጣም ልበል? ወጣሁ። ከኋላ ተቀመጥኩ፣ በቀበቶ አሰሩኝ፤ ወደ ምሥራቅ ሮጠን ተነሳን።

ያየሁትን ሁሉ አልጽፍም፤ የደብረ ሲና ገደል እንደ ቂጣ ጠርዝ ከታች ታየኝ ብል ይበቃል። ለጥቂት ጊዜ ሁሉን ረሳሁ። ይልማንም። ከዚያ ከገደሉ መሃል ቀጭን ጭስ አየሁ። አብራሪውም አየ። ሁለቴ ዞረበት፣ ጉልበቱ ላይ ያለው ወረቀት ላይ ምልክት አደረገ። በዚያ ገደል እሳት የሚያነድ ገበሬ የለም።

ስንመለስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ያቺ ሰዓት ናት። አብራሪው ስንነሳ በሄደበት አቅጣጫ ሊያርፍ ወረደ፤ ነፋሷ ዞራለች፣ ከኋላችን ናት፣ ከፊታችን ወንዙ። በአማርኛ ጮህኩ። በሞተሩ ጩኸት ውስጥ ማን ይሰማኛል? የቆፈርኩት ጉድጓድ ውስጥ ራሴ ልገባ ነው!

ከዚያ አውድማው ላይ አንድ ረጅም ሰው አየሁ። በመንሽ እብቁን ወደ ሰማይ ይበትናል። ሰው አንድ መንሽ በትኖ ያርፋል፤ እሳቸው አያርፉም፣ ደጋግመው፣ እንደ እብድ፣ የተለየውንም ያልተለየውንም። ቢጫ ደመና ተነሳ፤ ደመናው እኛ በምንሄድበት በኩል ተጋደመ። አብራሪው አንገቱን ወደዚያ መለሰ። አንድ ነገር ብሎ ተሳደበ፣ የአይሮፕላኑን አፍንጫ ሽቅብ አነሳ፣ የወንዙን ዛፎች ለጥቂት አልፈን ዞርን፤ ከሌላኛው ወገን መጥተን አረፍን።

ቀበቶዬን ፈትቼ ወረድኩ። አብራሪው ወረቀቱን ለመካኒኩ እያሳየ ሲያወራ «ሉኔዲ» ሲል ሰማሁ። ነዳጅ የምቀዳበትን ቀን በጣሊያንኛ ነው የሚነግሩኝ፤ ሰኞ ማለት ነው። ሰኞ ትልልቆቹ ይመጣሉ።

ወደ አውድማው ሮጥኩ። እትዬ ዘይነባ ምርቱ ላይ ቆመው እሪ ይላሉ፤ የሦስት ቀን ሥራ ከነእብቁ ተደባልቆ ሜዳው ላይ ተበትኗል። ጋሼ እንድሪስ ላባቸውን እየጠረጉ፣ ዓይናቸው እያበራ፣ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«አሞራዎቹን ከላይ አየሃቸው? ክንፋቸው ጫፉ ይታጠፋል?»

«የይልማን እሳት ነው ያየሁት!» አልኩ። «አብራሪውም አየው። ጻፈው። ሰኞ ይመጣሉ።» ከዚያ ጨርቁን እኔ እንደቆረጥኩትም ተናገርኩ፤ እንባዬ ይሁን ንፍጤ እየወረደ።

እብቁ ላይ ቁጭ አሉ። የዓይናቸው ብርሃን ጠፋ፤ ልክ ውሃ እንደተደፋበት እሳት።

«ልሂድ» አልኩ። «አሁኑኑ ልውጣና ልንገራቸው።»

«ተቀመጥ። ነገ ጠዋት ካሚዮኑ ላይ ከሌለህ ምን ይላሉ? አይቶ ነገራቸው ይላሉ። ሰኞን አይጠብቁም፤ ነገውኑ ይመጣሉ። እናትህንም ይይዛሉ። ካሚዮኑ ላይ ከወጣህ ግን ማን ምን ይጠረጥራል? እኔ አህያዬን ማሽላ ጭኜ እሄዳለሁ። ደጋ የሚወጣ ሽማግሌ ማንም አያየውም።»

«በዚህ ጉልበትዎ?»

«ጉልበቴ እንደ ዘይነባ ነው። ይጮህብኛል እንጂ ጥሎኝ አይሄድም።»

አልሳቅኩም። «ታዲያ አዲስ አበባ ደርሼስ? ልጥፋ ወይስ ልማር? አንቱ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

ተነሱ፣ መንሹን አነሱ። ፊታቸውን ሳያዞሩ ነው የመለሱልኝ።

«እኔ ብሆን እማር ነበር። የሚያስተምረኝ ማሳዬን የወሰደው ሰው ቢሆን፣ ወንድሜን የሚገድለው ቢሆን፣ ቁጭ ብዬ እማር ነበር። ባዶ እግሬን ስሄድ አይተኸኛል። ይኼ ጥሩ ነገር አይደለም፣ ልጄ። ለዚህ ነው ምን ልበልህ ያልኩህ። አንተ መቆጣት ታውቃለህ። ብትማርም ቁጣህን እንዳትተዋት።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ አህያቸውን ጭነው ሄዱ።

ቅዳሜ ካሚዮኑ ገበያውን አቋርጦ ሲወጣ ሁሉም አየኝ። አንዳንዱ ምራቁን ተፋ። «ሂድና እዚያው ቅር!» ያለችኝ ሴት ከእናቴ ጋር ማኅበር የምትጠጣ ናት። እናቴ ከቤት አልወጣችም።

ይልማ እንደነገረኝ ጋሼ እንድሪስ ቅዳሜ ወደ ማታ እያነከሱ ደረሱ። የአርበኞቹን እሳት አስጠፉ፣ ቦታ አስቀየሩ፤ ሰኞ የመጣው ቦምብ ሁሉ ያረፈው ባዶ ድንጋይ ላይ ነው። ወሬው ከእኔ መሆኑን ለሱ ነግረውታል፣ ለሌላ ሰው ግን አልተናገሩም፤ ያኔ ቢናገሩ እናቴ ነበረች የምትጠየቀው። እኔ አዲስ አበባ ቀረሁ። አልጠፋሁም። ተማርኩ። ሁለት ዓመቱ ሳይሞላ ጣሊያን ተባረረና ትምህርት ቤቱ ተበተነ፤ ስለ አይሮፕላን የማውቀው ግማሹን ነው። ሁለት ጊዜ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ሸዋ ሮቢት ልሄድ ካሚዮን መሳፈሪያው ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ አይደለም። እሳቸውን ፈርቼ ነው።

ምክንያቱም ይልማ የማያውቀው አንድ ነገር አለ።

ያን ቅዳሜ ካሚዮናችን አቀበቱ ላይ ሞተሩ ግሎ ደጋግሞ ቆመ። ደብረ ሲና ልንደርስ ስንል፣ ከፊታችን አንድ አህያ የሚነዳ ረጅም ሰው አየሁ። ጋሼ እንድሪስ ናቸው። ካሚዮኑ ጡሩምባ ሲነፋ አህያቸውን ወደ ዳር አወጡና ቆመው አሳለፉን። ጠባቂ ወታደር ከጎኔ ተቀምጧል። ዓይን ለዓይን ተያየን። እኔ ትንሽ ነገር ጠበቅኩ፤ ቅንድብ፣ ከንፈር፣ ምንም ይሁን። ትፍ አሉብኝ።

ወታደሩ ሳቀ። ለወታደሩ ብለው ይሁን፣ ለእኔ ይሁን፣ ወይስ ስልሳ ዓመት የጠበቁት ወንበር ላይ ተቀምጬ ሲያዩኝ ያመለጣቸው ይሁን፣ አላውቅም። እጠይቃቸዋለሁ እያልኩ ስንት ዓመት ቆየሁ። አሁን ማንን እጠይቃለሁ?

ምራቁ ጉልበቴ ላይ አረፈ። አልጠረግኩትም። ጣርማ በር ስንደርስ ነፋስ አደረቀው።